የመንግሥት ሒሳብ ወደ አደባባይ ሲወጣ

የመንግሥትን ሥራ ለሕዝብ መግለጽ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ክርክር እጅግ የቆየ ክርክር ነው። አንደኛው ወገን፣ የሹም ሥራ ሁሉ በአደባባይ ቢታይ ጉቦኛው ያፍራል፤ ታማኙ ይመሰገናል፤ ነጋዴውም ገንዘቡን ሳይሠጋ ያበድራል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ምስጢር የሌለው መንግሥት መዝጊያ የሌለው ቤት ነው፤ ጠላትም ሌባም ሐሜተኛም እንዳሻው ይገባበታል ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ሐሰት አልተናገሩም። ነገር ግን ክርክሩ በሐሳብ ብቻ ሲካሄድ መጨረሻ ስለማይገኝለት፣ ጉዳዩ በገንዘብና በሥልጣን ላይ በእርግጥ የተፈተነበትን አንድ ታሪክ መመልከት ይሻላል። ይኸውም በ1781 ዓመት በፈረንሳይ አገር የንጉሡ የገንዘብ ሹም የመንግሥቱን ገቢና ወጪ አሳትመው ለሕዝብ ያወጡበት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው።

በዚያን ዘመን በፈረንሳይ የመንግሥት ሒሳብ የንጉሡ ብቻ ጉዳይ ሆኖ ይታይ ነበር። በ1764 በወጣው የንጉሥ ዐዋጅ፣ ስለ መንግሥት ገንዘብ አስተዳደር ማንም ሰው ጽሑፍ እንዳያትምና እንዳይሸጥ ተከልክሎ ነበር። ይሁንና ምስጢሩ ከሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ከሹማምንቱም የተሰወረ ሆኖ ነበር። ብዙውን ግብር የሚሰበስቡት ከንጉሡ ኮንትራት የያዙ ባለሀብቶች ናቸው፤ ገንዘብ ቤቶቹ ብዙዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም ገንዘብ ያዥ የራሱን መዝገብ ይይዛል፤ የአንድ ዓመት ሒሳብም ተመርምሮ እስኪዘጋ ድረስ ብዙ ዓመታት ያልፉ ነበር። ስለዚህ በአንድ በተወሰነ ቀን መንግሥቱ ስንት ገንዘብ እንዳለው በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙሴ ዣክ ኔከር በ1732 በጄኔቭ ከተማ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ወደ ፓሪስ መጥተው፣ በባንክ ጸሐፊነት ጀምረው በባንክ ንግድ ታላቅ ሀብት ያካበቱ ሰው ነበሩ። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ በኦክቶበር 1776 ግምጃ ቤቱን እንዲመሩ ሾሙአቸው፤ በ1777ም የገንዘብ ጉዳይ ዋና ዲሬክተር ተባሉ። ሃይማኖታቸው ፕሮቴስታንት ስለሆነ የሚኒስትርነቱ ሙሉ ማዕርግ አልተሰጣቸውም፤ በንጉሡ ምክር ቤትም አይቀመጡም ነበር። ለሥራቸው ደመወዝ አልቀበልም ማለታቸውና ከገዛ ሀብታቸው 2 ሚሊዮን ሊቭር የሚያህል ገንዘብ ለመንግሥቱ ግምጃ ቤት ማበደራቸው ብዙ አስመሰገናቸው።

በ1778 ፈረንሳይ ለአሜሪካኖች አግዛ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመች። ጦርነት መርከብና መድፍ ብቻ ሳይሆን ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብ የሚፈልግ መሆኑ የታወቀ ነው። ኔከር አዲስ ግብር ሳይጥሉ ወጪውን ሁሉ በብድር ለመቻል ቈረጡ፤ በሥልጣን በቆዩበት ዘመንም የተበደሩት 530 ሚሊዮን ሊቭር ያህል ይገመታል። ብድሩ ግን እጅግ ውድ ነበር። አበዳሪው ዕድሜ ልኩን በየዓመቱ ከመቶ 10 ይከፈለዋል፤ ሲሞት ዕዳው ይቀራል። መንግሥቱ ደግሞ የሽማግሌውንና የሕፃኑን ዕድሜ ሳይለይ አንድ ዐይነት ወለድ ይከፍል ነበር። የጄኔቭ ባንኮች ይህን ስሕተት ወዲያው አወቁበት። ፈንጣጣ ታመው የዳኑ፣ ጤናማና የደኅና ቤተ ሰብ ልጆች የሆኑ 30 ልጃገረዶችን እየመረጡ፣ የደንበኞቻቸውን ገንዘብ በእነዚህ ልጆች ዕድሜ ላይ አስመዘገቡ። የፈረንሳይ ግምጃ ቤትም የጄኔቭ ልጃገረዶች በሕይወት እስካሉ ድረስ የመክፈል ግዴታ ገባ። ንግድ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንደ ጥሩ ቀልድ የሚያስቅ ነገር ቢሆንም፣ ከፋዩ የፈረንሳይ ባላገር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ይልቅ ሰፊ፣ ሕዝቧም የበዛ ሆኖ ሳለ እንግሊዝ በርካሽ ወለድ፣ ፈረንሳይ ግን በውድ ወለድ የምትበደረው ስለምን ነው? ምክንያቱ ፍርሃት ነው። የፈረንሳይ ነገሥታት ዕዳቸውን ሲከለክሉ ወይም ሲቀንሱ የቆዩ ናቸው፤ በ1770 እንኳ የገንዘብ ሚኒስትሩ አቤ ቴሬ የአበዳሪዎቹን መብት በዐዋጅ ቈርጠውባቸው ነበር። በእንግሊዝ አገር ግን የመንግሥቱ ገቢና ወጪ በየዓመቱ ለፓርላማው ይቀርባል፤ ይታተማል፤ አበዳሪውም ገንዘቡ ከየት እንደሚከፈለው ያያል። ኔከር ይህን ልዩነት ተመልክተው፣ እምነት የሚገኘው ሒሳብን በመግለጥ ነው ወደሚለው ሐሳብ ደረሱ።

በቀይ ባሕር ጠረፍ ለነገደ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በ1780 የሞቱት የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር፣ ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ 1780 እየተባለ ሲቀረጽ ኖሮ፣ ከምፅዋ ጀምሮ እስከ ደጋው ገበያ ድረስ የተዘዋወረው ነጋዴው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ መዝኖ፣ የጌጡን ነጠብጣብ ቈጥሮ ሊመረምረው ስለቻለ ነው። የመንግሥት የብድር ወረቀት ግን በሚዛን አይመዘንም። ሊመዘን የሚችለው ከወረቀቱ በስተጀርባ ያለው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ሒሳቡም ከተሰወረ የሚቀረው ግምትና ወሬ ነው።

እንግዲህ በፌብሩዋሪ 1781 ኔከር ለንጉሡ ያቀረቡት የሒሳብ መግለጫ በንጉሡ ፈቃድ ታትሞ ለሕዝብ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር በፈረንሳይ ታይቶ አይታወቅም ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ መጽሐፉ በብዙ አሥር ሺሕ ተሸጠ፤ በሌሎችም ቋንቋዎች ተተረጐመ። ከዚያ በፊት ልብ ወለድ እንጂ የቍጥር መጽሐፍ ገልጠው የማያውቁ ሰዎች ስለ ጨው ግብርና ስለ ገንዘብ ያዦች ደመወዝ ይከራከሩ ጀመር። መጽሐፉ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ የመንግሥቱ ገቢ 264 ሚሊዮን ሊቭር፣ ወጪው 254 ሚሊዮን የሚጠጋ፣ የሚተርፈውም 10 ሚሊዮን ከ200 ሺሕ ሊቭር ነው። በጦርነት መካከል ያለ መንግሥት ትርፍ አለኝ ሲል የሰማ ባለገንዘብ ሁሉ ተደነቀ፤ ወዲያው የወጡትም ብድሮች በደስታ ተገዙ። ሒሳብን መግለጥ ገንዘብ እንደሚያመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊገኝ አይችልም።

ሕዝቡ ሲያደንቅ ቤተ መንግሥቱ ተቈጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ንጉሡ ለባለሟሎቻቸው በየዓመቱ የሚሰጡት ድርጎ 28 ሚሊዮን ሊቭር እንደሚደርስ ተጽፎ ነበር። የተቀባዮቹ ስም አልተጠቀሰም፤ ይሁን እንጂ ከድርጎው የሚበላ መኰንን ሁሉ ጣት የተቀሰረበት መስሎ ታየው። የመጽሐፉ ሽፋን ሰማያዊ ስለነበረ፣ የንጉሡ አማካሪ የነበሩት ሽማግሌው ኮንት ሞርፓ ቀለዱበት ይባላል። በፈረንሳይኛ ሒሳብና ተረት የሚባሉት ቃላት ሲነገሩ አንድ ዐይነት ድምፅ አላቸው፤ ሰማያዊ ተረት ደግሞ የሕፃናት ተረት ማለት ነው። ስለዚህ ኮንቱ ያገኙትን ሁሉ ሰማያዊውን ተረት አነበብህን እያሉ ይጠይቁ ነበር። ኔከር በመጽሐፉ ውስጥ የሚስታቸውን የበጎ አድራጎት ሥራ ማመስገናቸውም ለሣቅ ሰጣቸው። በእርግጥም እመቤቲቱ ያቋቋሙት ሆስፒታል ጥሩ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን የመንግሥት ሒሳብ ባልና ሚስት የሚመሰጋገኑበት ስፍራ አይደለም።

የመጽሐፉ ታላቅ ጉድለት ግን ከዚህ ሌላ ነው። ኔከር የገለጡት የተለመደውን የዓመት ገቢና ወጪ ብቻ ነበር። የብድሩ ወለድ በወጪው ውስጥ ተቈጥሯል፤ ጦርነቱ ራሱ የሚበላው ገንዘብ ግን ልዩ ወጪ ነው ተብሎ ከሒሳቡ ውጭ ቀረ። ይህ አከፋፈል በዚያን ዘመን የታወቀ ስለነበረ፣ አዋቂ ሰው መጽሐፉን በጥንቃቄ ቢያነብ ሊረዳው ይችላል። ሮበርት ሐሪስ የተባሉ የታሪክ ሊቅ በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ የኔከር ቍጥሮች በዚህ አከፋፈል መሠረት ሐሰት አልነበሩም ሲሉ ተከራክረውላቸዋል። ክርክሩ ለሊቃውንት የሚበቃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መጽሐፉን የገዙት አሥር ሺዎች ሊቃውንት አልነበሩም። ለእነሱ የቀረላቸው አንድ ቃል ነው፤ ትርፍ አለ የሚለው። ሱቁን ከፍቶ የዕለቱን ሽያጭ ለአበዳሪው የሚያሳይ፣ መጋዘኑን ግን ቈልፎ ቍልፉን በኪሱ የሚይዝ ነጋዴ ሐሰት አልተናገረም ይባል ይሆናል፤ እውነቱን አሳየ ግን አይባልም።

ከእንግሊዝ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነበር። በለንደን ሒሳቡን የሚያቀርበው አንድ፣ የሚመረምረው ሌላ ነው። እንዲያውም በ1780 የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምር ኮሚሲዮን ተሾሞ፣ ከሥልጣን ከወረዱ ብዙ ዓመት ያለፋቸው የጦር ሠራዊት ገንዘብ ያዦች ወይም ወራሾቻቸው የመንግሥቱን ገንዘብ እስከዚያ ቀን ድረስ በእጃቸው ይዘው እንደሚገኙ በይፋ አስታውቋል። በስዊድን አገርም በ1766 የወጣው ሕግ፣ ማንም ሰው የመንግሥትን ጽሑፍ ጠይቆ እንዲያነብና እንዲያሳትም ፈቅዶ ነበር፤ ንጉሡ ጉስታቭ 3ኛ ከ1772 ጀምሮ ሥልጣኑን በእጃቸው ሲያደርጉ ይህን ነጻነት አጠበቡት እንጂ። በፈረንሳይ ግን ሒሳቡ የወጣው በሕግ ሳይሆን በአንድ ሹም ፈቃድ ነው፤ የጻፉትም፣ የመረመሩትም፣ ያመሰገኑትም እሳቸው ናቸው።

ጠላቶቻቸው ይህንኑ መሣሪያ ወደ እሳቸው ለማዞር ብዙ አልዘገዩም። ኔከር በ1778 ስለ አውራጃዎች አስተዳደር ለንጉሡ ብቻ የጻፉት የምስጢር ማስታወሻ ነበር። በእሱም ውስጥ ፓርላማ የሚባሉትን ከፍተኛ ፍርድ ቤቶችና በየአውራጃው የሚቀመጡትን የንጉሥ እንደራሴዎች በብርቱ ነቅፈዋል። በኤፕሪል 1781 ይህ ጽሑፍ ከምስጢር ወጥቶ ታተመ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ሊመልሱት አልተቻለም። ዳኞቹ በአንድነት ተነሡባቸው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቬርዤንም ለንጉሡ በጻፉት ማስታወሻ፣ የእንግሊዝን ልማድ ለፈረንሳይ ንጉሥ ማምጣት ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ዳኛ ማድረግ ነው በሚል ሐሳብ ተቃወሙአቸው። ቬርዤን ምስጢር ወዳድ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም በዚህ ነገር ከኔከር ይልቅ ርቀው አይተዋል። ሕዝብን ለምስጋና የጠራ ሹም ለፍርድም እንደጠራው አያውቅም። ኔከር በምክር ቤቱ እንዲቀመጡ ለንጉሡ ጠይቀው ስላልተፈቀደላቸው በሜይ 19 ቀን 1781 ሥራቸውን ለቀቁ።

ሰውየው ሄዱ፤ የታተመው ቍጥር ግን ቀረ። ከዚህ በኋላ የተሾመ የገንዘብ ሹም ሁሉ ግብር ለመጨመር አፉን በከፈተ ጊዜ፣ ትናንት ትርፍ ነበረ፤ ዛሬ ገንዘቡን ማን በላው የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። በተለይ በ1783 የተሾሙት ሙሴ ካሎን በዚህ ወጥመድ ወደቁ። እሳቸው ራሳቸው ገንዘብ በመበተን የታወቁ ሰው ቢሆኑም፣ በ1786 የሒሳቡን ነገር መርምረው መንግሥቱ ሊወድቅ እንደተቃረበ ለንጉሡ በግልጽ ነገሩ። በፌብሩዋሪ 1787 የታላላቅ ሰዎች ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ካሎንም የዓመቱ ጉድለት ከ100 ሚሊዮን ሊቭር በላይ እንደሚሆን አስታወቁ። ደግሞም በ1781 ትርፍ አልነበረም፤ ያን ጊዜም ብዙ ሚሊዮን ጉድለት ነበረ አሉ።

አሁን በአደባባይ ሁለት ሒሳብ ተተከለ። አንዱ ትርፍ፣ ሁለተኛው ጉድለት ይላል፤ ሁለቱም በመንግሥት ሹም የተጻፉ ናቸው፤ የሚዳኝ የሒሳብ መርማሪ ግን የለም። ሕዝቡ ማንን ይመን? ያመነው የሚወደውን ነው። ጉባኤተኞቹ መዝገቡን ሳናይ ግብር አንፈቅድም አሉ። ካሎን በበኩላቸው ጉባኤውን አልፈው ለሕዝቡ ለመናገር ፈለጉ፤ ዐሳባቸውን አሳትመው በየአጥቢያው ቄሶቹ እንዲያነቡት አደረጉ። ጉባኤተኞቹ ግን በሕዝቡ ፊት ገንዘባቸውን የሚሰስቱ ሆነው መቅረባቸውን እንደ ስድብ ቈጠሩት። በኤፕሪል 8 ቀን 1787 ካሎን ተሻሩ። ኔከርም ለክብራቸው መልስ ጽፈው ሳይፈቀድላቸው ስላሳተሙ በንጉሡ ማኅተም በወጣ ደብዳቤ ከፓሪስ ርቀው እንዲቀመጡ ታዘዙ። ሁለቱ የአገሪቱ የገንዘብ አዋቂዎች በኅትመት ተዋግተው ሁለቱም ተባረሩ፤ ጉድለቱ ግን በቦታው ነበር። እዚህ ላይ ከካሎን ጋር ማዘን ይገባል፤ በመላ ሹመታቸው ምናልባት ከሁሉ የበለጠውን እውነት የተናገሩት ማንም ሊያምናቸው ባልፈለገበት ሰዓት ነውና።

ቀጥለው የተሾሙት ሊቀ ጳጳስ ብሪየን በ1788 አዲስ የሒሳብ መግለጫ አሳተሙ። ይህኛው ከኔከር ይልቅ የተሟላ ነበር፤ ከመንግሥቱ ወጪ እኩሌታ የሚሆነው ለዕዳ የሚከፈል መሆኑ ታየበት። ነገር ግን መልካሙን መግለጫ የሚያነብለት አልተገኘም፤ ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት 16 ቀን ግምጃ ቤቱ ከሚከፍለው አንዱን ክፍል በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በወረቀት እንደሚከፍል ታወጀ። ባለገንዘቡ ሁሉ ደነገጠ። በ10 ቀን ውስጥ ብሪየን ወርደው ኔከር ተመለሱ፤ የብድሩም ወረቀት ዋጋ ወዲያው ከፍ አለ። በግምጃ ቤቱ የገባ አዲስ ገንዘብ አልነበረም፤ የገባው ስም ብቻ ነበር። መንግሥት በሰው ስም ሲታመን ለጊዜው ይመቻል፤ ነገር ግን ያ ሰው የተነሣ ቀን እምነቱም አብሮት ይነሣል።

ይህም በዐይን ታየ። ንጉሡ በጁላይ 11 ቀን 1789 ኔከርን ሻሩ። ወሬው በማግሥቱ ፓሪስ ሲደርስ ሕዝቡ ከአንድ የሰም ምስል ቤት የኔከርን ምስል አውጥቶ፣ ጥቁር ጨርቅ አልብሶ በየመንገዱ ይዞት ዞረ። በሁለተኛው ቀን ባስቲል የሚባለው ምሽግ ተሰበረ። በአንድ የገንዘብ ሹም መሻር ምክንያት ከተማ ሲነሣ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አይታወቅም። ለአብዮቱ ሌላ ብዙ ምክንያት አለው፤ የዳቦ ዋጋ፣ የባላባት መብት፣ የግብሩ አድልዎ። ይሁን እንጂ ከ1781 በፊት የአንድ ሹም ስም በየቤቱ እንዲህ ሊታወቅ አይችልም ነበር።

ኔከር ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሰው ሲሾሙ ነገሩ ተለውጦ ነበር። በኤፕሪል 1790 የሕዝቡ ጉባኤ የንጉሡን የምስጢር ወጪ የያዘውን ቀይ መጽሐፍ የሚባለውን መዝገብ አሳተመ። በእሱ ውስጥ ከ1774 እስከ 1789 የወጣ ወደ 228 ሚሊዮን ሊቭር ተመዝግቧል። የተቀባዮቹም ስም አልቀረም፤ የንጉሡ ወንድሞች፣ ባለሟሎች፣ የተጦሩ መበለቶች ሁሉ፣ በሚገባ የተቀበለውና በማይገባ የወሰደው ሳይለይ፣ በአንድነት ለሕዝብ ቍጣ ተሰጡ። መጽሐፉ እንዳይታተም የተከራከሩትና ከታተመም በኋላ ቅሬታቸውን በጽሑፍ ያወጡት ሹም ማን ናቸው ቢባል፣ ኔከር ናቸው። ምክንያታቸው ቀላል አልነበረም፤ የመንግሥትን ጠቅላላ ሒሳብ መግለጥ አንድ ነገር፣ የሰውን ስም ያለ ምርመራ አደባባይ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን በሩን አስቀድመው የከፈቱት እሳቸው ስለነበሩ፣ ልዩነቱን የሚሰማላቸው አላገኙም።

በሴፕቴምበር 1790 ኔከር ሥራቸውን ለቀው ወደ ስዊስ ሲሄዱ ምስላቸውን የሚሸከም አልነበረም። እንዲያውም በመንገድ ላይ አርሲ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተይዘው፣ ጉባኤው ይለፉ ብሎ እስኪጽፍ ድረስ እንዲቆዩ ሆነ። ከግምጃ ቤቱ የሚፈልጉትን 2 ሚሊዮን ሊቭር ለሥራቸው መያዣ እንዲሆን ትተውት ሄዱ። በ1804 ሲሞቱም ገንዘቡ አልተመለሰላቸውም ነበር። የታወቁት ደራሲ ልጃቸው ማዳም ደ ስታል ናፖሌዎን እስኪወድቁ ድረስ ሲጠይቁ ኖረው፣ በመጨረሻ ሉዊ 18ኛ በነገሡ ጊዜ ዕዳው በመንግሥት መዝገብ ታምኖ ተከፈላቸው።